ስኳር ይቃጠላል፣ ይቀልጣል ወይስ ይቆላል?

ጥያቄ፦ ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ስኳርን በደረቁ እሳት ላይ ጥዶ ቡናማ ማድረግን እናቴ «ማቃጠል» ትለዋለች፤ አለቃዬ ደግሞ «ካራሜላይዝ ማድረግ» ይላል። እኔ አዘገጃጀቱን ስጽፍ «ማቅለጥ» ብዬ ነበር፤ ግን አልጣመኝም። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ እንኳን አልጣመዎት! «ስኳርም እንደ ቅቤ ይቀልጣል፣ ሌላ ቃል ምን ያደርጋል?» የሚሉ አዋቂዎች አሉ። የቀለጠ ቅቤ እኮ ሲበርድ ያው ቅቤ ነው። ስኳሩን ግን ልብ ብለው ይዩት፦ መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይረጥባል፣ ማር ይመስላል፣ ሙቀቱ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ሻይ ሻይ ይላል፤ ሽታውም ሌላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቢያቀዘቅዙት ነጭ ስኳር አይሆንልዎትም።

«ማቃጠል» የባሰ ነው። የእህቴ ልጅ ቤቴ መጥታ ከስልኳ እያነበበች ስትሠራ ድስቴን ጥቀርሻ አለበሰችው። ብቆጣት «ጋሼ፣ አቃጥዪው ነው እኮ የሚለው» አለችኝ። ምን ይመለሳል?

የእኔ ምርጫ «መቁላት» ነው። ቡና እንቆላ የለ? ግእዙ «ቀለወ» ነው፤ እንደማየው የመጨረሻዋ «ወ» ወደ ፊት ተስባ «ቀ»ን «ቆ» አደረገቻት። ዕብራይስጡ «ቃላ»፣ ዓረብኛው «ቀላ» ይላል። ኬሚስቶች «አልካሊ» የሚሉትም ከዚሁ ከዓረብኛው የወጣ ነው፤ መነሻው የተቃጠለ ተክል አመድ ነበርና። (ለስኳራችን አይጠቅምም፤ ግን አላስችል አለኝ።) ቆሎ፣ ቁሌት፣ ማቁላላት ሁሉም የዚህ ግስ ልጆች ናቸው። «የሚቆላ ደረቅ ፍሬ ብቻ ነው» ለሚሉኝ፣ ሽንኩርት ደረቅ ፍሬ ነው ወይ? እላለሁ። ከቆላማው «ቆላ» ጋር ለማዛመድ የሚሞክሩትን ግን አልከተልም።

«ካራሜል»ን በተመለከተ፣ ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጆች የሚልሱት «ከረሜላ» የጣሊያኑ «ካራሜላ» ነው፤ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ገባ፣ በመጀመሪያ በከረሜላነት፣ ኋላ በክሬም ካራሜል። ዘሩን እስከ ላቲን ወስደው ትንሽ ሸምበቆ ላይ የሚያደርሱትም አሉ። ስለዚህ ስሙን ተቀብያለሁ። ግሱ ግን ይቅርብኝ፤ «ካራሜላይዝ» ራሱ ግስ ሆኖ ሳለ «ማድረግ» መደረቡ ካፖርት ላይ ካፖርት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ከቤቴ ውጭ «ስኳር ቆላሁ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ሕዝቡ እንደ እናትዎ «ማቃጠል» ይላል፤ እያንገሸገሸኝም ቢሆን ስህተት ነው ልላቸው አልችልም። ለወረቀትዎ ግን እንዲህ ይጻፉልኝ፦ «ስኳሩን በደረቅ ድስት ሻይ እስኪመስል ቁሉት፤ ካራሜሉ ሳይጠቁር አውርዱት።»