የቱ ስትሮክ ኳድ ካርቡሬተር፦ ጥያቄና መልስ ለአዲስ አበባ ዙሪያ ነጂዎች

ዛሬ የምመልሰው ማርሚታቸውና ፊልትሯቸው ስለተቀየረ ቱ ስትሮክ ኳዶች (ባለ አራት ጎማ ሞተሮች) ነው፤ በተለይ ያማሃ ባንሺና ብላስተር። ስትጠይቁ ሞተሩን፣ የዋናውንና የሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ የሚሠራበትን) ጄት ቁጥር፣ ማርሚታውን፣ ፊልትሮውንና የምትነዱበትን ቦታ ንገሩኝ። ጄት ማለት ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን ናት፤ ቁጥሯ ሲያድግ ቤንዚኑ ይበዛል። ያለ ቁጥር መልስ የለኝም።

ለገጣፎ፦ ጋሼ፣ ባንሺ ነው። ማርሚታውም ፊልትሮውም ተቀይሯል፤ ዋናው 280፣ የሚኒሞው 27.5። ከውጭ ሲመጣም እንዲሁ ነበር። ጋዝ ስሰጠው ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይረጥባል።

መልስ፦ በደንብ ጠየቅህ። ያ ጄት ለባሕር ጠለል አየር የተመረጠ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአብዛኛው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጄቱ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፣ ስለዚህ ይበዛበታል። በሌላ በኩል ክፍት ፊልትሮና የውድድር ማርሚታ ትልቅ ጄት ይፈልጋሉ። ባንሺ ከፋብሪካ ሲወጣ ዋናው 200 ነበር። ከዚያ ወዲያ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚነግርህ ሞተሩ ነው።

ሞተሩን አሙቀህ ከሚኒሞ ጀምር፤ ጋዝ ከሩብ በታች ሲሆን የሚገዛው እሱ ነው። የአየር ብሎኗን ቀስ ብለህ እስክትነካ ዝጋና አንድ ዙር ተኩል ክፈት። ከዚያ ሚኒሞው ከፍ ብሎ የሚጠራበትን ቦታ ፈልግ። ቦታው ከአንድ ዙር በታች ከሆነ የሚኒሞ ጄቱ ትንሽ ነው፤ ከሁለት ዙር ተኩል ካለፈ ትልቅ ነው። ቀጥሎ ጋዝ ሲሰጥ ካርቡሬተሩ ውስጥ ከፍ የሚለው መርፌ፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ጋዝ የእሱ ነው። መርፌው ራስ ላይ ያለውን ክሊፕ ወደ ላይ ስታወጣው መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚን ይቀንሳል። ዋናውን ጄት በመጨረሻ፣ በሁለቱም ካርቡሬተር እኩል፣ አንድ አንድ ቁጥር (ለምሳሌ ከ280 ወደ 270) እያወረድክ።

አዲስ ካንዴላ አስገባና ሜዳ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ጋዝ ስጠው። ጋዙን ሳትለቅ ማጥፊያውን ተጫን፣ ወዲያው ፍሪሲዮን ያዝ። ካንዴላውን ፈተህ የነጩን ሸክላ ግርጌ እይ፤ ጫፉን ሳይሆን ብረቱ ውስጥ የገባበትን። እዚያ ቡናማ ቀለበት ካለ ደርሰሃል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቀንስ። ነጭ ከሆነ አትንዳው፣ ጄቱን አሳድግ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን ሞተሩ በሌላ ቀዳዳ አየር እንደማያስገባ አረጋግጥ።

ቡራዩ፦ የእኔም ያስቸግረኛል። ስንት ቁጥር ጄት ልግዛ?

መልስ፦ የቱ ሞተር? አሁን ስንት ቁጥር አለው? መግቢያው ላይ የጠየቅኩትን ይዘህ ና።

ሰበታ፦ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ስንት ለስንት ይሁን?

መልስ፦ 32 ለ 1። ለ5 ሊትር ቤንዚን 156 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። በመለኪያ፣ በዓይን አይደለም።

አየር ጤና፦ እኛ ሰፈር ቬስፓ የኖረው በ20 ለ 1 ነው። ዘይት በዝቶ የተጎዳ ሞተር አላየሁም።

ሰንዳፋ፦ ኧረ ካንዴላ ይጨርሳል! እሱ ልክ ለድሮ ዘይት ነው።

አየር ጤና፦ የአባቴ ቬስፓ እስከ ዛሬ በአንድ ምት ይነሳል።

መልስ፦ ቬስፓውን እንተወው። ዘይት ሲጨመር በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ይደርቃል፣ ማለትም ቤንዚን ያንሰዋል። ልኩን አንዴ ምረጡና አትቀያይሩ፤ ጄቱ የሚስተካከለው በዚያ ልክ ነው።

ሱሉልታ፦ ብላስተር ነው፣ ማርሚታው ተቀይሯል። እዚህ ምንም አይለውም። ቅዳሜ ልጆቼ በፒካፕ ጭነው አዳማ፣ ከዚያም አዋሽ ሊወስዱት ነው። የሚነካ ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ አባቴ፤ እባክዎ ሳይነካ እንዳይወርድ። ብዙ ሞተር የሚጠፋው በዚህ ጉዞ ነው። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማ 1,700፣ አዋሽ 1,000 ገደማ። የቆላው ሙቀት አየሩን ትንሽ ቢያሳሳውም ልዩነቱን አይሸፍነውም፤ ሱሉልታ ላይ ልክ የሆነ ጄት እዚያ ቤንዚን ያስጠማዋል። የደረቀ ሞተር ደግሞ መጀመሪያ ላይ ፈጣን ይመስላል። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ጋዝ ሲጨምሩ ፒስተኑ ይግላል፣ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ብላስተር የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ አይታገሥም። ለአዳማ ዋናውን ጄት ሁለት ቁጥር አሳድገው ይጀምሩ፣ ለአዋሽ ከዚያም በላይ፤ በየቦታው ካንዴላ ይታይ። ቤንዚን ቢበዛ ካንዴላ ነው የሚጠቁረው፣ ቢያንስ ግን ፒስተን ያስገዛዎታል።

ሌላው፣ የዘይት ፓምፑ ወጥቶ ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀል ከሆነ፣ በረዥም ቁልቁለት ጋዝ ዘግተው በማርሽ እየያዙ አይውረዱ። ቤንዚን ሲቋረጥ ዘይቱም ይቋረጣል። ፍሪሲዮን ይዘው አልፎ አልፎ ጋዝ ይስጡት። ለእንጦጦ ቁልቁለትም ይኸው ነው።

ሰንዳፋ፦ ጋዝ ስለቅ ሚኒሞው ቶሎ አይወርድም፣ እየጮኸ ይቆያል። የአየር ብሎኗን ላጥብቃት?

መልስ፦ አትንካት። ብዙ ጊዜ ይህ አየር የሚያስገባ ሞተር ምልክት ነው፤ የመጀመሪያውን መልስ መጨረሻ አንብብ። የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን ቀዳዳ ድፈንና በ6 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ንፋ፤ ለ6 ደቂቃ መያዝ አለበት። ካልያዘ የካርቡሬተሩን ጎማ፣ ጓርኒሲዮኖቹንና ከማግኔቱ ጀርባ ያለውን ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ) የሳሙና ውኃ ቀባ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። ባንሺ ከሆነ ሁለቱን የካርቡሬተር ጎማዎች የምታገናኘውን ቱቦም አትርሳ። ቀዳዳ እያለ ጄት ማሳደግ ችግሩን መደበቅ ነው።

አየር ጤና፦ ከዚህ ሁሉ ጣጣ የቻይና ፎር ስትሮክ መግዛት አይሻልም?

ለገጣፎ፦ አቀበት ላይ እንገናኝ!

መልስ፦ የሚሻለው ይግዛ። ጥያቄው ስለ ካርቡሬተር ነው።

ለገጣፎ፦ ትንሽ ጄት አጣሁ ጋሼ። አንድ ሰው የትልቁን ቀዳዳ ደፍኜ በሽቦ እበሳልሃለሁ ይላል።

መልስ፦ አታስነካ። ጄቱን ወደ ብርሃን ይዘህ ብታየው ቀዳዳው እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው። በሽቦ ሲጫር የሚያሳልፈው መጠን ይለወጣል፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚያ በኋላ አይታመንም። ባንሺ ደግሞ ሁለት ካርቡሬተር አለው፤ አንዱ ሲሊንደር ሲደርቅ ሌላው ደህና ስለሚሠራ ሳታውቀው ይጣበቃል። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ቁጥሩን ጽፈህ ስጠው።

ቡራዩ፦ ይዤ መጣሁ ጋሼ። ብላስተር፣ ዋናው 230፣ የሚኒሞው 32.5፣ ማርሚታና ፊልትሮ የፋብሪካው። ሙሉ ጋዝ ላይ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥቁር ነው።

መልስ፦ አሁን ልረዳህ እችላለሁ። ሁለቱም የፋብሪካው ቁጥር ናቸው፤ ቡራዩ ላይ 230 ይበዛበታል። መጀመሪያ ግን ፊልትሮውን እጠብ፤ በአቧራ የተደፈነ ፊልትሮም ካንዴላ ያጠቁራል። ደርቆ የፊልትሮ ዘይቱን ከቀባኸው በኋላ 220 አስገባና በሙሉ ጋዝ ሞክረህ ካንዴላውን እይ። አሁንም ጥቁር ከሆነ 210። በሚኒሞ ካልታፈነ 32.5ቱን ተወው። ወደ ቢሾፍቱ የምትወርድበት ቀን ካለ ደግሞ 230ውን አትጣለው፤ በላስቲክ ጠቅልለህ ከካንዴላ ቁልፍህ ጋር ያዘው።