መሪው ሲላላ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መሪ ናቸው።

አንድ የባሕር ዳር ወጣት የአባቱ ቪትዝ ኮብልስቶን ላይ ስትሄድ ከፊት በኩል «ቋ፣ ቋ» ትላለች ይላል። ጎረቤቱ የሆነ መካኒክ «የታይሮዱ ጫፍ አልቋል» ብሎታል። ታይሮድ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ነው፤ ጫፉ ውስጡ ኳስ ያለው መጋጠሚያ ነው። ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ራሱ ሊቀይረው አስቧል፤ ይቻል ይሆን?

ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ያለቀው እሱ መሆኑን አረጋግጥ። የጎማውን ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ ሳለች አላላ፤ ከዚያ በክሪክ አንሥተህ የብረት መደገፊያ አስገባ። ክሪክ ለማንሻ ነው፤ ብሎኬትም ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። አሁን የላሉት ዳዶዎች እንዳያሳስቱህ መልሰህ ያዝ አድርጋቸውና ጎማውን ግራና ቀኝ ጠርዙን ይዘህ ገፋ ሳብ አድርገው፤ ሌላ ሰው ከኋላ መጋጠሚያውን በጣቱ ይዳብስ። እዚያ ላይ ክፍተት ከተሰማው ያለቀው እሱ ነው። ላይና ታች ይዘህ ሲላላ ግን ባልጆይንቱን (የጎማውን ተሸካሚ ክንድ መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን) ተጠራጠር።

የመጋጠሚያውን የላስቲክ ሽፋንም ተመልከት። ከተቀደደ ግራሶው ከጭቃ ጋር ተለውሶ ጥቁር ሊጥ ይሆናል፤ በጣትህ ስታሸው አሸዋው ይሰማሃል። ውስጥ ያለውን ኳስ የበላው ያ አሸዋ ነው።

ጎማውን አውጥተህ የታይሮዱን ክር በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍተህ ታገስ። የኳሱን ብሎን ጫፍ በመዶሻ አትምታ፣ ክሩ ይጠፋል፤ የሚመታው የተሰካበት የብረት ዐይን ጎኑ ነው። አሮጌውን ከዘንጉ ስትፈታ ዙሩን ቁጠርና ጻፈው፤ 18 ዙር ከወጣ አዲሱም 18 ዙር ይገባል።

የኳሱን ዳዶ የሚቆልፈውን ሽቦ አዲስ ግዛ፤ አሮጌውን መልሰህ አታስገባ። ቀዳዳው ካልገጠመልህ ጥቂት ጨምረህ አጥብቀው እንጂ ወደ ኋላ አታላላው። ይህ ዳዶ ከወለቀ መሪው እጅህ ላይ ይቀራል፤ ጎማው ግን በፈለገው አቅጣጫ ይሄዳል። አባትህ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳሉ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ስለዚህ እለምንሃለሁ፦ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ያ ጎረቤትህ መጥቶ ሥራህን ይየው። ለአንድ ዳዶ ሰው መጥራት አያሳፍርም። ከዚያ በቀጥታ፣ በዝግታ፣ ወደ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ ለክተው ወደሚያስተካክሉበት። የዙር ቆጠራህ እዚያ ለመድረስ ብቻ ይበቃል።

«የግራው ብቻ አልቋል፤ ሁለቱንም ልቀይር?» ለሚሉት፦ የቀኙ ተፈትሾ ደህና ከሆነ ይቆይ። ዕድሜያቸው እኩል ከሆነ ግን አብረው ቢቀየሩ ለአላይመንት ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይድናሉ።

አዲሱ ግራሶ ይፈልጋል ወይ? የግራሶ መሙያ ጡት ካለው አዎ፤ ከሌለው አይፈልግም።

አንዲት መምህርት ታይሮድ ካስቀየሩ ወዲህ መኪናቸው ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ወደ ቀኝ ዘምሞ ይቀራል። የገጠመላቸው ሰው «ይለመዳል» ብሏቸዋል። አይለመድም፣ እመቤቴ! መሪ የሚለመድ ጫማ አይደለም። አላይመንቱ አልተስተካከለም፤ በዚህ ሁኔታ ከቀጠሉ የፊት ጎማዎችዎ ጠርዝ ያለጊዜው ተልጦ ያልቃል። ነገ ጠዋት ያስተካክሉት።

የባጃጅ መሪ ከብዶት ለጠየቀው ወንድሜ፦ የባጃጅ መሪ አሠራር ሌላ ነው፤ የባጃጅ መካኒክ ይየው።

በመጨረሻም አንድ አባት ሥራውን ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ጨርሰው መኪናውን እዚያው ቢያጥቡ ችግር አለው ወይ ብለዋል። አለው፣ አባቴ። ከዚያ ውኃ ዓሣ እንበላለን፤ ዓባይም የሚወጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ግቢዎ ውስጥ ይሥሩት፤ አሮጌውን ግራሶ የጠረጉበትን ጨርቅም በፌስታል ቋጥረው ከቆሻሻው ጋር ያስወግዱት።