እቁቡን ለማሽን ከማዋልሽ በፊት

ከአራት ኪሎ የጻፈችልን የ23 ዓመት ወጣት በአካውንቲንግ ተመርቃ ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ካሸር ናት። ሰፈሯ ወርክሾፕ ያላቸው አንድ አዛውንት አናጢ አሉ። እሳቸው ጋ ስክሮል ሶው የሚባለውን ቀጭን የኤሌክትሪክ መጋዝ አይታ ልቧ ተሰርቋል። እቁቧ ሊደርሳት ነው። «በእቁቡ ማሽኑን ልግዛ? ጣቴን ቢቆርጠኝስ? እንጀራ ይወጣዋል? እናቴ ደግሞ የእንጨት ሥራ የወንድ ነው እያለች ነው» ስትል ጠይቃናለች።

እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር። እሳቸውን ያስፈራቸው ጣውላ መሸከሙና ያ የሚጮኸው ትልቁ ክብ መጋዝ ይመስለኛል። ስክሮል ሶው ሌላ ነገር ነው። ከአናጢ ዕቃ ይልቅ ለልብስ ስፌት መኪና ይቀርባል። ምላጩ ባለበት ይወጣል ይወርዳል፤ እንጨቱን የምታዞሪው አንቺ ነሽ። ጉልበት አይፈልግም። እንዲያውም ጉልበት ያበዛ ሰው ምላጭ ሲሰብር ይውላል። አንድ ቀን እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂና ጋሼ አናጢው ሲሠሩ ይዩ። ከእኔ ምክር ይልቅ እሱ ያሳምናቸዋል።

ማሽኑን ግን አሁን አትግዢ።

ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት እንጨት ሥራ አስተምር ነበር። ማሽን ቀድሞ የሚገዛ ጀማሪ ምን እንደሚገዛ ሳያውቅ ይገዛል። ርካሹ ይንቀጠቀጥበታል፣ መስመር አልይዝ ይለዋል። ከዚያ «እኔ እጅ የለኝም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ የእጁ ሳይሆን የማሽኑ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን የሚያወዳድርበት ነገር የለውም። አንቺ አጠገብሽ ማሽኑም፣ ማሽኑን የሚያውቅ ሰውም አለልሽ። ጋሼን «ቅዳሜ ከሰዓት ወርክሾፑን እያጸዳሁ ጥቂት ሰዓት ማሽኑ ላይ ያስቀምጡኝ» ብለሽ ጠይቂያቸው። የካሸርነቱን ሥራ እንዳትለቂ። ደሞዝሽ ነው የመማሪያ ጊዜ የሚገዛልሽ።

አሁን ወደ ጣትሽ። ከኤሌክትሪክ መጋዞች ሁሉ ለጀማሪ የሚመከረው ይሄ ነው። ክብ መጋዝ እንጨቱን ወደ ሰው ሊወረውር ይችላል፤ ስክሮል ሶው ይህ የለበትም። ምላጩም ቀጭን ነው። ግን ጣት ከነካ ይቆርጣል፣ አታቃልዪው። ጣቶችሽ ከምላጩ ግራና ቀኝ እንጨቱ ላይ ተጭነው ይቀመጡ። በምላጩ ፊት ለፊት፣ በሚሄድበት መስመር ላይ አውራ ጣትሽን አታስቀምጪ። እንጨቱ በድንገት ሲሰነጠቅ ወይም መቁረጡ ሲያልቅ እጅሽ ወደፊት ይሄዳል፤ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ያኔ ነው። የምትቆርጪው ቁራጭ ከጣትሽ እኩል ትንሽ ከሆነ ለብቻው አትያዢው። በሁለት በኩል በሚያጣብቅ ፕላስተር ሰፋ ያለ እንጨት ላይ ለጥፊውና አብረሽ ቁረጪ።

አንድ ጀማሪን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ምላጩ ወደ ላይ ሲመለስ እንጨቱን ይዞ ይነሳና ጠረጴዛውን ታ-ታ-ታ-ታ እያደረገ ይመታል። ብዙ ሰው ያኔ እጁን ይለቃል። አትልቀቂ። እንጨቱን ወደ ታች ተጭነሽ ያዢና ማሽኑን አጥፊ። ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ እንጨት የምትጫን ትንሽ እግር ያለችው። አንዳንድ ባለሙያ ታስቸግረኛለች ብሎ ይፈታታል። አንቺ አትፍቺያት።

ልብስሽ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የሚንጠለጠል እጅጌና ቀለበት እዚያ ቦታ የላቸውም። ፀጉርሽ ወደ ኋላ ይታሰር። ጓንት የሚከላከል ይመስላል፤ ግን ምላጩ ጨርቁን ሲይዝ ጣትን አብሮ ይጎትታል። መነጽር የግድ ነው። ማስክም እንደዚሁ። ማሽኑ ላይ ያለችው የአየር ቱቦ ብናኙን ከመስመሩ ላይ ትጠርግልሽና ወደ አፍንጫሽ ትልከዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። «ለትንሽ ሰዓት ነው» እያልሽ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትሥሪ።

የማሽኑ መመሪያ ላይ የማታገኚውን የእኛን ከተማ ነገር ልጨምርልሽ። በመሃል መብራት ከጠፋ መጀመሪያ ማጥፊያውን ተጫኚ። ብዙ ርካሽ ማሽን መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። አንቺ ምላጩን እያወጣሽ መብራት ቢመጣስ? ምላጭ ስትቀይሪ ደግሞ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሶኬቱን ንቀይ።

ምላጩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሥራው ግማሹ እሱ ነው። ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥርሶቹ ወደ ታች ማየት አለባቸው። የትኛው ወደ ታች እንደሆነ በዓይን ካልለየሽ ጣትሽን ሳትጫኚ ከታች ወደ ላይ አሳልፊ። ከያዘሽ ልክ ነው፤ ካንሸራተተሽ ገልብጠሽ ግጠሚ። ከወጠርሽው በኋላ በጥፍርሽ ንኪው። ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ ይስጥሽ። የታፈነ ድምፅ ካሰማ ላልቷል፤ የላላ ምላጭ ደግሞ ይንሸዋረራል፣ ይሰበራል። ምላጮች በቁጥር ነው የሚጠሩት። ቁጥሩ ሲጨምር ምላጩ ይወፍራል። ለሁለት ሴንቲ ሜትር ለሚጠጋ እንጨት ቁጥር 5 ጥሩ መነሻ ነው፣ ለስስና ለረቂቅ ሥራ ቁጥር 3። ምላጭ ቶሎ ይደነዝዛል። መግፋት መጀመርሽን ስታውቂ ያኔ ቀይሪው። አትሰስቺ። ከደነዘዘ ምላጭ ጋር የሚታገል ሰው ሥራውንም ጣቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ስትቆርጪ ቀስ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ። ቀጥ ያለ መስመር ይዘሽ ምላጩ ወደ አንድ ጎን ቢስብሽ አትደንግጪ፤ የምላጮች ጠባይ ነው። እንጨቱን ትንሽ አዘንብለሽ ስትገፊ መስመሩን ትይዣለሽ። ጥግ ላይ ስትደርሺ ወደፊት መግፋቱን ተይና እንጨቱን ባለበት አዙሪ።

ለልምምድ የጋሼ የዋንዛ ቁርጥራጭ ይበቃሻል። ወይራ እንዳትነኪ፣ ድርቅ ያለ ነው፣ ምላጩን ያቃጥለዋል። ከፊደል ጀምሪ። «ሀ» የውጭ ኩርባ ብቻ ናት። «ዐ» ስትደርሺ የውስጥ ቀዳዳ ይመጣል፤ በትራፓኖ ትንሽ ትበሺያለሽ፣ የምላጩን የላይኛውን ጫፍ ፈትተሽ በቀዳዳው ታሳልፊያለሽ፣ መልሰሽ ትወጥሪያለሽ። «መ» ላይ ሁለት ጊዜ። ሐረግ ያለበት መስቀል ላይ ብዙ ጊዜ። ሁልጊዜ ከውስጥ ጀምረሽ የውጭውን ቅርጽ መጨረሻ ቁረጪ፤ ዙሪያው እንጨት እያለ ነው ሥራው የሚጠነክረውና የምትይዥው ነገር የሚኖርሽ።

እንጀራውን በተመለከተ እቅጩን ልንገርሽ። ስምና ቁልፍ መያዣ ለመቁረጥ አስበሽ ከሆነ ተይው። ሌዘር፣ ማለትም በብርሃን ጨረር የሚቆርጥ ማሽን ያላቸው ሰዎች ስስ ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ጣውላ) በደቂቃ ይቆርጡታል፣ በዋጋ አትችያቸውም። ሌዘር ግን ጠርዙን ያጠቁረዋል፣ ወፍራም እንጨት ላይም ይደክማል። ያንቺ ቦታ እዚያ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ መስቀል፣ ጠርዙ ንጹሕ የሆነ፣ በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ ሌላ ሥራ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት የእንጨት እንቆቅልሽና እንስሳትም አሉ፤ ቁራጩ ልጅ የማይውጠው መጠን ይሁን እንጂ። ሦስተኛው መንገድ የፈርኒቸር ቤቶች ናቸው። የወንበር መደገፊያ ላይ የሚገባውን ጌጥ ለሚቆርጥላቸው ሰው ይከፍላሉ። ናሙናሽን ይዘሽ የቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆችን ዙሪ። «ስንት ትገዙኛላችሁ?» ከማለትሽ በፊት «ከዚህ ውስጥ የትኛው ቶሎ ይሸጥላችኋል?» በያቸው።

እዚህ ላይ አካውንቲንጉ ይመጣል። እጃቸው ወርቅ የሆነ ብዙ ባለሙያዎች ዋጋ ማውጣት አይችሉም። እንጨቱን ይቆጥራሉ፤ ምላጩን፣ ኮላውን፣ ቫርኒሹን፣ መብራቱንና የራሳቸውን ሰዓት ይረሱታል። አንቺ ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ወርክሾፕ ልትቀጠሪ ብትሄጂም ከመቁረጥ ችሎታሽ እኩል የሚፈልጉት ይሄንን ነው።

ተቀጥረሽ ከሠራሽ ደግሞ መብትሽን እወቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «መነጽርሽን ራስሽ ግዢ፣ ሙከራሽ ገና ነው» እያለ ወራት የሚያስቆጥርሽ ሰው ጋ አትቆዪ። ወረቀት ካስፈለገሽ ሜክሲኮ ጋ ያለው ተግባረ ዕድ የሙያ ኮሌጅ ጎራ በይና የማታ ወይም የአጭር ጊዜ የእንጨት ሥራ ሥልጠና እንዳላቸው፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ለመፈተንም ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቂ።

ከእቁቡ ጥቂቱን አሁን ለምላጭ፣ ለመነጽርና ለማስክ አውጪ። የቀረው ባንክ ይቀመጥ። ከወራት በኋላ ጋሼ ራሳቸው «አሁን የራስሽን ያዢ» ካሉሽ ግዢ። ፍጥነቱ የሚቀያየር፣ ከምላጩ እስከ ኋላ ያለው ክፍተት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ይሁን። ጫፉ ላይ ፒን (አግድም የገባች ትንሽ ብረት) የሌለውን ምላጭ የሚቀበል መሆኑንም እይ፤ ፒን ያለው በትንሽ ቀዳዳ አያልፍልሽም፣ መስቀሉን አትሠሪበትም። ሱቁ ውስጥ ማሽኑ እንዲበራልሽ ጠይቂና የአንድ ብር ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ በጠርዟ አቁሚ። ከቆመች ጥሩ ነው። ከዚያ ስለ ዋጋ ከመከራከርሽ በፊት ባለሱቁን አንድ ነገር ጠይቂው፦ የዚህ ማሽን ምላጭ ሲያልቅብኝ አንተው ጋ አገኛለሁ ወይ?