ምስለ ችሎት ላይ ዋንጫ የበላችሁ ልጆች፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ

የእህቴ ልጅ የሕግ ተማሪ ናት፣ ሶስተኛ ዓመት፣ ባለፈው ቡና ላይ "ጋሼ ካምፓስ ውስጥ ፕሮግራም በዛብን፣ የቱ ነው ሚጠቅመው?" አለችኝ። ለሷ ያልኳትን ለናንተም ልበላችሁ።

መጀመሪያ ውርደቴን ልንገራችሁ። ተማሪ እያለሁ ምስለ ችሎት ላይ፣ ያው የሕግ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው ሚከራከሩበት ውድድር ላይ፣ ተናጋሪ ነበርኩ፣ ኮት ከጓደኛዬ ተውሼ በእንግሊዝኛ "ዩር ኦነር" እያልኩ ስንጎራደድ ላየኝ ሰው የኔ እኩያ የለም። ተመርቄ ተከላካይ ጠበቃ ሆኜ የመጀመሪያ ቀን ችሎት ቆምኩ፣ ዓቃቤ ሕጉ የራሱን ምስክር መልሱን አፉ ላይ እያስቀመጠለት ይጠይቀዋል፣ እኔ ብድግ ብዬ "ኦብጀክሽን!" አልኩ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ምን አሉ ጠበቃ?" አሉኝ። "መሪ ጥያቄ" የምትለው ሁለት ቃል ከአፌ ጠፋች፣ አስቡት። ከኋላ ሰው ሳቀ። ደንበኛዬ በስርቆት የተከሰሰ የ19 ዓመት የታክሲ ረዳት ነው፣ ቀና ብሎ ያየኝ አስተያየት አሁንም አይረሳኝም፣ ማን ላይ ጣሉኝ የሚል ፊት ነው።

የምንማረው በእንግሊዝኛ፣ የፌዴራል ችሎቱ ግን በአማርኛ፣ ክልል ስትወርዱ ደሞ ኦሮምኛው አለ ትግርኛው አለ ሶማሊኛው አለ። እንደ ጄሳፕ ላለው ዓለም አቀፍ የምስለ ችሎት ውድድር እንግሊዝኛችሁን ሳሉ፣ እሱን አልነካባችሁም፣ ግን የክበባችሁን አንድ ዙር እንኳን በችሎቱ ቋንቋ አርጉት። ሲኒየሮቻችሁ ከሳቁባችሁ ይሳቁ፣ ችሎት ላይ ከሚሳቅባችሁ እዛ ክበባችሁ ውስጥ ቢሳቅባችሁ ይሻላል።

የፓነል ውይይት ሚባለውን ብዙም አልወደውም፣ ባነር ተሰቅሎ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግሩ ብቻ ጠዋቱን ይጨርሳል። ቢሆንም ሂዱ፣ ቁም ነገሩ ሻይ ሰዓት ላይ ነው። ጥግ ላይ ብስኩት ይዞ ብቻውን የቆመ መርማሪ ፖሊስ ካለ እሱን ያዙት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ለመንገድ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም፣ እና ቅዳሜ ማታ የያዛችሁትን ሰው ምን ታረጉታላችሁ ብላችሁ ጠይቁት። ማይክ ከፊቱ ከሌለ እውነቱን ያወራችኋል።

የማረሚያ ቤት ጉብኝት ከተዘጋጀ ግን ፈተና ቢኖርባችሁም አትቅሩ። አንዴ ተማሪዎች ይዤ ሄጄ አንድ በእድሜ የገፉ ታራሚ ከኪሳቸው አራት የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው "ልጆቼ፣ ይግባኝ ለማለት ስንት ቀን አለኝ?" አሉ። ሃያ ልጅ ዝም! ስለ ቅጣት ፍልስፍና ሲከራከሩ የመጡ ልጆች ናቸው እኮ። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን የይግባኝ ማስታወቂያ፣ ግልባጩ በደረሰ በ30 ቀን ማመልከቻ ነው፣ ሰውየው ወረቀቱን ከያዙት ግን ሶስት ወር አልፏቸዋል፣ የነገራቸው ሰው የለም። ስንመለስ ባሱ ውስጥ ዘፈን የከፈተ አልነበረም። እና ስትሄዱ እንደ መካነ አራዊት አትዩአቸው፣ ፎቶ ደሞ በጭራሽ፣ ሳሙና ማስገባት ከፈቀዱላችሁ ሳሙና ያዙ።

ከሁሉ ሚበልጠው ፕሮግራም ፖስተር የለውም። የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ነው፣ ችሎት በመርህ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ስልካችሁን አጥፍታችሁ ኋላ ወንበር ቁጭ ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ ተጠርጣሪውን አስሮ ለማቆየት 14 ቀን ይጠይቃል፣ በአንድ ጊዜ ሚፈቀደው ጣሪያ እሱ ነው፣ እናንተ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ዳኛው ስንት ሰጠ፣ ባለፈው ቀጠሮ ምን ሰራህ ብሎ ጠየቀው ወይስ ዝም ብሎ ፈረመ፣ ተጠርጣሪው ጠበቃ አለው ወይ፣ ቤተሰብ መጥቷል ወይ። አስር መዝገብ እንዲህ ብታዩ ዋስትና ላይ ሚሰጣችሁን ሌክቸር በሌላ ጆሮ ነው ምትሰሙት።

የእህቴን ልጅ ሰኞ ጠዋት እወስዳታለሁ። ቁርስ ሳትበይ እንዳትመጪ ብያታለሁ፣ እዛ ቁጭ ካሉ መነሳት የለም።