ቤቱ ሳይፈርስ ሜትር ያዙ

ደብረ ብርሃን ላይ ንድፍ ለምትሠሩና ገና ለምትማሩ ልጆቼ፣

የድሮ ቤት ግሬደር ከመድረሱ በፊት በሒሳብ ይፈርሳል። በውጭ 10 በ10 ሜትር የሆነ፣ የግድግዳው ውፍረት 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ የድንጋይ ቤት ውሰዱ። ግድግዳው በ20 ሳንቲ ብሎኬት ሲተካ ውስጡ 18 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል። መሀል ከተማ ላይ ይህ አንድ ሱቅ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተመረቀ ወዲህ ሱቅ ፈላጊው በዝቷል፤ ባለንብረቱም አበዳሪውም የሚያዩት ያችኑ 18 ካሬ ነው። ባለንብረቱን አትውቀሱት፤ ልጆች ያሳድጋል፣ ዕዳም አለበት።

ያ ወፍራም ግድግዳ ግን ከከንቱ አልመጣም። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ ይዞ ማታ ይመልሳል። ግንበኛው ከቅርብ የወጣውን ድንጋይ ጠርቦ፣ በጭቃ አያይዞ፣ መስኮቱን አጥብቦ የሠራው የመንዝንና የተጉለትን ብርድ ስለሚያውቅ ነው። አሁን የምናቆመው የመስታወትና የአልኮቦንድ (የአሉሚኒየም ልባጥ) ፎቅ አዳማም ሐዋሳም ያለው ነው፤ እዚህ ማን እንደኖረ፣ በምን እንደኖረ አይነግርም። ከተማዋን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቆረቆሯት፤ በዋናው መንገድ የሚያልፍ እንግዳ ግን ይህን የሚያስታውሰው ነገር ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላ እምብዛም አያገኝም። ሥላሴን የሚነካ የለም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የነጋዴው ቤት ነው፣ የጠላ ሻጯ ቤት ነው፤ እነዚህን ማንም አላስመዘገባቸውም።

ስለዚህ ደንበኛችሁ «አፍርሳችሁ ሥሩልኝ» ሲል ሜትር ይዛችሁ ግቡ። የማዕዘኑን ጥርብ ድንጋይ፣ የበሩን መቃን፣ የጣሪያውን እንጨት ለኩ፤ ፕላኑን አንሱ፤ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ሁለት ንድፍ አቅርቡለት፤ በአንዱ የፊቱ ግድግዳ ይቁም፣ ፎቁ ከኋላ ይውጣ። የሁለቱንም ኪራይ በካሬ ሜትር አስልታችሁ ፊቱ አስቀምጡ። ስለ ታሪክ ብቻ ብትሰብኩት ጨዋ ስለሆነ ሰምቷችሁ ይሸኛችኋል፤ ስሌቱን ካየ ግን ቁጭ ብሎ ይነጋገራል። ግንባታው ላይ አንድ አዛውንት የድንጋይ ግንበኛ አስቀጥሩ፣ እናንተም አጠገባቸው ቁሙ፤ እጃቸው ላይ ያለው ሙያ በየትኛውም መጽሐፍ ተሟልቶ አልተጻፈም።

ባለንብረቱ እንቢ ካለ ድንጋዩ ተመርጦ ለአጥሩ ወይም ለደረጃው እንዲውል ለምኑት። የለካችሁትን ፕላን ደግሞ አንድ ቅጂ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስገቡ፤ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ 209/1992 አለና፣ መቀበላቸውን አስፈርማችሁ ያዙ።