ቅጣቱ ቢጨመር ቆሻሻ መጣሉ ይቀራል?

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ጥግ በየቀኑ ይጸዳል፤ ሲነጋ ግን መልሶ የፌስታል ክምር ነው። ቆሻሻ የጣለ ይቀጣል የሚል ደንብ አለ፣ ሲቀጣ ያየሁት ሰው ግን የለም። ቅጣቱን እጥፍ ቢያደርጉት አይሻልም?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ደንብ አስከባሪ ሆኜ ስለሠራሁ ልንገርዎት፤ እጥፉ የሚያስፈራው እያዛለሁ ብሎ የሚያስበውን ብቻ ነው። ጣሊያናዊው የሕግ ፈላስፋ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው መጽሐፉ ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን አይቀሬነቱ ነው ያለው ይህንኑ ነው።

ጣጣው መያዙ ላይ ነው። የደንብ ልብስ ለብሼ ስቆም ማንም አይጥልም። በሲቪል ልብስ ስይዘው ደግሞ "አንተ ማን ነህ?" ይለኛል። ቀጥሎ "የኔ አይደለም፣ እዚሁ ወድቆ ነው ያገኘሁት" ይመጣል። ከእጁ ሲወድቅ ያየሁት እኔ ብቻ ከሆንኩ የእሱ ቃል በእኔ ቃል ላይ ነው። ስም ሲጠየቅ የፈጠራ ስም ይሰጣል፣ መታወቂያ አልያዝኩም ይላል። ለአንዲት የከረሜላ ልጣጭ ይህን ሁሉ ተከራክሮ ፋይል መክፈት ግማሽ ቀን ይበላል፤ ባልደረቦቼ "ምከረውና ልቀቀው" ሲሉኝ አልፈርድባቸውም ነበር። (የሲጋራ ቁራጭ የሚጥለውማ ቆሻሻ የጣለ እንኳ አይመስለውም።) ካሜራም ቢሆን ጀርባና ኮፍያ ያሳያል እንጂ ስም አይነግርም።

ከመኪና ሲጣል ታርጋ አለ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የጣለው ተሳፋሪ ማን እንደሆነ ባይታወቅም መኪናው በስሙ የተመዘገበው ሰው ሊቀጣ ይችላል። ሲንጋፖር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፎቅ ቤት ቆሻሻ ሲወረወር፣ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ የቤቱ ባለቤት ወይም ተከራይ እንደጣለው ይቆጠራል የሚል ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ሁለቱም "ማን ጣለው?" የሚለውን ጥያቄ "ከማን ወጣ?" ወደሚል ቀይረውታል።

እግረኛ ታርጋ የለውም። የእርስዎ ፌስታሎች ግን ከቤት ወይም ከሱቅ የወጡ ይመስለኛል፣ ፌስታል ደግሞ ይናገራል። ጓንት አጥልቄ ስፈታው ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ስም ያለበት ፖስታ አገኝ ነበር። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብኝ ግን ይጠቁመኛል። እርስዎ ፌስታሉን አይፍቱ፤ ይልቅ ክምሩ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር መዝግበው ለደንብ አስከባሪዎች ይስጡ፤ ቀኑን ሙሉ ከሚቆም ሰው በዚያ ሰዓት የሚመጣው ይሻላል። ፎቶ ካነሱም ለእነሱ ብቻ ይስጡ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከወጣ ያልጣለ ሰው ይሰደብበታል።