32 ጊጋ ዲስክ ላይ ሊኑክስ ለመጫን ዊንዶውሱን ልቀቂው

አንዲት ተማሪ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «ጋሼ፣ አጎቴ ከአሜሪካ የላከልኝ ላፕቶፕ ዲስኩ 32 ጊጋ ብቻ ነው። አፕዴት በመጣ ቁጥር ቦታ የለም ይለኛል። ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ኡቡንቱ ከጎኑ ብጭን ይሆናል?»

እህቴ፣ አይሆንም። ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ብቻውን 25 ጊጋ ይጠይቃል። እንደምንም ብታብቃቂው እንኳ ሁለቱም ቦታ እያጡ አፕዴት ማድረግ ያቅታቸዋል። በዚህ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ ያለው ዲስክ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በትልቅ ልቀይረው ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ። ፋይሎችሽን ፍላሽ ላይ ገልብጪና ዊንዶውሱን ሙሉ በሙሉ አጥፊው።

በምትኩ እንደ ኡቡንቱ የሊኑክስ ዓይነት የሆነውን ደቢያንን ጫኚ፣ ኔትኢንስት የሚባለውን ትንሹን ፋይል አውርደሽ። ከ1 ጊጋ በታች ነው፣ የቀረውን በኢንተርኔት እያወረደ ይጭናል፤ ስለዚህ የግቢ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀመጪ። ከደቢያን 12 ወዲህ ዋይፋዩን የሚያሠራው ፈርምዌር አብሮ ይመጣል። ደግሞ ኔትዎርክ የሚጠይቅሽ ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ነው፤ ዋይፋዩ እምቢ ካለ ዊንዶውስሽ እንዳለ ነው፣ አቋርጠሽ መውጣት ትችያለሽ።

ዋናው ሥራ ዲስኩ አከፋፈል ላይ ነው። ሚሞሪ ካርድ ገብቶ ከሆነ አስቀድመሽ አውጪው፣ ምክንያቱም ካርዱም ዲስኩም በተመሳሳይ ስም ስለሚታዩ ተሳስተሽ ሌላውን ልታጠፊ ትችያለሽ። በእጅ መክፈልን ምረጪ። የድሮዎቹን ፓርቲሽኖች (የዲስኩን ክፍሎች) ሰርዢ፣ 512 ሜጋ ለኢኤፍአይ (ላፕቶፑ ለሚነሳበት ክፍል) ስጪ፣ የተረፈውን ሁሉ አንድ ኤክስት4 (የሊኑክስ ፎርማት) አድርጊው። የራስሽ ፋይሎች የሚቀመጡበትን ሆምን ለብቻ አትክፈይ፤ በትንሽ ዲስክ ላይ አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። እዚያው ገጽ ላይ ሪዘርቭድ ብሎክስ (ለሲስተሙ የተያዘ ቦታ) የሚል መስመር አለ፣ 5 ፐርሰንት ይላል። ያ አንድ ጊጋ ተኩል ገደማ ነው፤ ወደ 1 አውርጂው። ቀጥሎ ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያግዝ የዲስክ ክፍል) አልመረጥሽም፣ ወደ ኋላ ልመልስሽ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ኖ በይውና ቀጥይ። በኋላ ዚራም የሚባለውን ትጭኛለሽ፣ እሱ ራሙን እየጨመቀ ይጠቀማል እንጂ ዲስክ አይነካም።

ዴስክቶፕ ምረጪ ሲልሽ ግኖም ላይ ያለውን ምልክት አንሺና በምትኩ ቀለል ያለውን ዴስክቶፕ፣ ኤክስኤፍሲኢን ምረጪ። ሊብሬኦፊስን ጨምሮ ከ7 ጊጋ አያልፍም። ስለዚህ 20 ጊጋ አካባቢ ይተርፍሻል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ በቂ ነው።

ሰዎች የሚሸወዱት ከተጫነ በኋላ ነው። ዲስኩን የሚሞላው ራሱ ሊኑክሱ አይደለም፣ ቀስ በቀስ የሚከማቸው ነው። ፍላትፓክ በሚባለው የፕሮግራም መጫኛ አትጠቀሚ፤ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ስትጭኚ ጊጋ የሚጠጋ ተጨማሪ ነገር ይዞብሽ ይመጣል። የሲስተሙ ሎግ ዝም ካልሽው የዲስኩን አንድ አስረኛ ሊይዝ ስለሚችል ጆርናልዲ ኮንፍ የሚባለው የሎግ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ገብተሽ ሲስተምማክስዩዝ የሚለውን መስመር 100 ሜጋ ላይ ገድቢው። አዲስ ከርነል (የሊኑክሱ እምብርት) ሲመጣ ተርሚናል ላይ አፕት አውቶሪሙቭ በይ፣ የድሮው ይጠፋል።

ፎቶና ቪዲዮ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይሁን። ካርዱን ኤክስት4 ፎርማት አድርጊውና ኤፍስታብ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች የተዘረዘሩበት ፋይል) ውስጥ ካርዱ መስመር ላይ ኖፌይል የሚለውን ጨምሪ። እሱን ከረሳሽ፣ ካርዱ በወጣበት ቀን ላፕቶፑ መነሳት ያቅተዋል። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ግን ካርዱ ላይ ብቻ እንዳይቀመጥ፤ ርካሽ ሚሞሪ ካርድ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል።

ለአማርኛ ፎንት ስትፈልጊ ኖቶ የሚባለውን የፎንት ስብስብ በጅምላ አትጫኚ፤ የቻይናና የጃፓን ፊደላትም አብረው ስለሚመጡ ብዙ ቦታ ይበላል። አቢሲኒካ የሚለው ፎንት ትንሽ ነው፣ ለጽሑፍም ያምራል። ለመተየቢያ አይባስ ኤም17ኤንን ጫኚ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ በላቲን ፊደል ስትተይቢ አማርኛ የሚያወጣውን አማርኛ ሴራን ምረጪ፣ በቃ።